አደራ፣ ተራ፣ ቤዛ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። እስፓኞችና ፖርቱጋሎች በያዙት አሜሪካ ግን ስም ያወጣው መልአክ ሳይሆን ተጠቃሚው ነበር።

ብዙዎቻችን «ኢንኮሚየንዳ» የሚለውን ቃል «የጉልበት ሥርዓት» ብለን ከሰሌዳ ገልብጠን፣ ለፈተና ሸምድደን፣ ማርካችንን ይዘን አልፈናል። ቃሉ የወጣው ግን አደራ መስጠት ከሚል የእስፓኝ ግስ ነው። ታዲያ አደራው ምን ነበር? ሰው ነዋ! ንጉሡ ለዘማቹ የአገሬውን ተወላጆች ከነአለቃቸው ይሰጠዋል። ባለአደራው ሊጠብቃቸውና ክርስትናን ሊያስተምራቸው፣ እነሱ ሊገብሩለትና ሊያገለግሉት ነው። በወረቀት ላይ ባሪያ አይባሉም። ሆኖም በሂስፓኞላ ደሴት የታይኖ ሕዝብ ወርቅ ሲያጥብ ማሳው ጦም እያደረ፣ በረሃብ፣ በድካምና ከባሕር ማዶ በመጣ በሽታ፣ ከ1492 ወዲህ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

በፖቶሲ ተራራ በ1545 ብር ተገኘ። እንደራሴው ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ በ1570ዎቹ «ሚታ»ን አቋቋመ። ሚታ በኢንካዎች ቋንቋ «ተራ» ማለት ነው። ኢንካዎችም በተራ ያሠሩ ነበር፤ ስሙ ከነሱ ተወሰደ። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ በሆነ ብርዳም ስፍራ፣ ከአሥራ ስድስት አውራጃዎች ከሰባት ወንድ አንዱ በየዓመቱ ለማዕድኑ ይላክ ነበር። ይህ «ተራ» እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ አላለቀም።

ፖርቱጋሎችስ? በብራዚል የእርስ በርስ ጦርነት ምርኮኞችን እየገዙ ንግዱን «ሬስጋቴ» አሉት፤ ቤዛ ከፍሎ ማዳን እንደማለት ነው። «የዳነው» ሰው ግን የአዳኙን እርሻ በጉልበቱ ሊያለማ ይገደዳል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ተወላጆቹን የሚጠብቅ ሕግ ወጥቶ የለም ወይ?» ይሉናል። ወጥቷል እንጂ! የቡርጎስ ሕግ በ1512 ወጣ። በ1542 ደግሞ አደራው ከአባት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ተደነገገ። የፔሩ ባለአደራዎች ግን ጦር መዘዙ። ንጉሡ በ1545 የውርሱን ክልከላ አነሣ፤ በዓመቱም ዐመፀኞቹ ሕጉን ሊያስፈጽም የተላከውን እንደራሴ ብላስኮ ኑኜስ ቬላን ገደሉት። አደራ በሊታ አደራውን መልስ ሲሉት የገዛ ንብረቱን የተቀማ ይመስለዋል።

ዘመኑ እንዲያ ነበር፣ ማንም አያውቅም ነበር ማለትም አያዋጣም። በ1511 አንቶኒዮ ዴ ሞንቴሲኖስ የተባለ መነኩሴ በሳንቶ ዶሚንጎ ባለአደራዎቹን ፊት ለፊት ገሥጿቸዋል። ራሱ ባለአደራ የነበረው ቄሱ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስም በ1514 የተሰጡትን ሰዎች ለቋል። የሚያይ ዓይን ያለው አይቷል እኮ።

እንግዲህ እኛ ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ይህን ትምህርት እንዴት እናቅርበው? ሐሳባችን ቀላል ነው። ትርጓሜውን ከማስገልበጣችን በፊት ሰሌዳው ላይ ሦስቱን ቃላት እንጻፍ፤ አደራ፣ ተራ፣ ቤዛ። ቀጥለን ተማሪዎቹን እንጠይቅ፤ ስሙን ማን አወጣው? ማን ተጠቀመበት? አደራ የተሰጠውንስ ሰው ማን ጠየቀው? አንድ ክፍለ ጊዜ ይበላ ይሆናል፤ ይብላ። ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ ነገ ማንም በለስላሳ ስም ጠቅልሎ የሚያቀርብለትን ሸክም ፈትቶ ማየት አያቅተውም።

መምህራኖቻችንም በዚህ ላይ ያላቸውን አስተያየት በሚቀጥለው እትም ቢለጥፉልን ደስ ይለናል።