ስለ ጥናት መርማሪዎች አመራረጥ

ሁለት ሰዎች በርስት ወሰን ተጣልተው ነገራቸው ለሽማግሌ በሚቀርብበት ጊዜ፥ ሽማግሌዎቹን ሁሉ አንደኛው ወገን ብቻ መርጦ ያመጣቸው እንደ ሆነ ሌላው ወገን ፍርዱን ከመስማቱ አስቀድሞ ተነሥቶ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ቅን ሰዎች ቢሆኑም እንኳ ነገሩ ያው ነው። ይህ በየአጥቢያው የታወቀ ሥርዓት ሆኖ ሳለ፥ ስለ ዓለም አየር ጠባይ መለወጥ የሚጻፉትን ጥናቶች በሚያትሙ መጽሔቶች ዘንድ ከአንድ ጊዜ በላይ ተዘንግቶ ተገኝቷል።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ሊቅ ጥናቱን ጽፎ ወደ መጽሔት ሲልክ፥ የመጽሔቱ አዘጋጅ በዚያው ትምህርት የታወቁ ሁለት ወይም ሦስት ሊቃውንት መርጦ ጽሑፉን እንዲመረምሩ ይሰጣቸዋል። እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው ከጸሐፊው ተሰውሮ፥ ዋጋም ሳይቀበሉ፥ ይታተም ወይም ይታረም ወይም ይመለስ ብለው ይጽፋሉ፤ የመጨረሻው ፍርድ ግን የአዘጋጁ ነው። በለንደን የሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደዚያው ናቸው) ከ1830ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እንዲህ ያለውን የጽሑፍ ምስክርነት ሲቀበል ኖሯል። ዛሬ ብዙ መጽሔቶች ጸሐፊውን ራሱን «ማን ቢመረምርልህ ትወዳለህ? ማንስ እንዳይመረምር ትሻለህ?» ብለው ይጠይቁታል። አዘጋጁ ሥራ በዝቶበት፥ የለመናቸውም ሊቃውንት ጊዜ የለንም እያሉ ሲመልሱለት፥ በጸሐፊው እጅ ወደ ተጻፈው ዝርዝር መመለስ ይቀለዋል፤ ፈተናው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በባዝል ከተማ የሚዘጋጀው «ሪሞት ሴንሲንግ» የተባለው መጽሔት በጁላይ 25 ቀን 2011 የሮይ ስፔንሰርንና የዊልያም ብራስዌልን ጥናት አወጣ። ጥናቱ ምድር ወደ ጠፈር የምትሰደውን ሙቀት በሳተላይት እንደ ተለካው መጠን በኮምፒዩተር ከተሰላው ጋራ አስተያይቶ፥ ደመና ለሙቀት መለወጥ ውጤት ብቻ ሳይሆን ምክንያትም ሊሆን ስለሚችል ምድር ለሙቀት የምትሰጠውን መልስ ከዚህ ልኬት ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው የሚል ነበር። ወሬው ግን በጋዜጦች ዘንድ ከጥናቱ ይልቅ ገንኖ ተሰማ። ሦስቱ መርማሪዎች የታወቁ ሊቃውንት ነበሩ፤ ሥርዓቱም በውጭ ሲታይ ጉድለት አልነበረበትም። ይሁን እንጂ አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላ፥ በሴፕቴምበር 2 ቀን፥ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ የቪየናው ቮልፍጋንግ ቫግነር ጥናቱ መታተም አይገባውም ነበር ብሎ ሥራውን ለቀቀ። የሰጠውም ምክንያት፥ አዘጋጆቹ ሳያስቡት የመረጧቸው ሦስቱም መርማሪዎች የጸሐፊዎቹን ጥርጣሬ በከፊል የሚጋሩ ሳይሆኑ አልቀሩም የሚል ነው። ቫግነር የነቀፈው ጸሐፊዎቹ ከብዙዎቹ የተለየ አሳብ መያዛቸውን አልነበረም፤ ነቀፋው ተቃዋሚዎቻቸው አስቀድመው የሰጡትን ማስረጃ ሳይመልሱ ማለፋቸው፥ ይህንንም ልብ ብሎ «ለዚህ መልስ ስጡ» የሚላቸው አንድ መርማሪ አለመገኘቱ ነው። ስፔንሰር ጥናቱን አልተወም፤ ጽሑፉም ከመጽሔቱ አልተሰረዘም። ነገሩ ሥልጣን እስከ መልቀቅ ያደርስ ነበርን የሚል ቢኖር ጥያቄው ደግ ነው፤ ነገር ግን ስሕተቱ በምርጫው ላይ መሆኑን የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ራሱ መናገሩ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ቅንነት ነው።

ከዚያ ስምንት ዓመት አስቀድሞ የሆነው ደግሞ ይልቁንም ባለሥልጣኖችን የሚመለከት ነው። በ2003 «ክላይሜት ሪሰርች» የተባለው መጽሔት የዊሊ ሱንንና የሳሊ ባሊዩናስን ጥናት አተመ፤ ቃሉም የ20ኛው መቶ ዓመት ሙቀት በሺሕ ዓመት ውስጥ ተለይቶ የሚታይ አይደለም የሚል ነበር። አራት መርማሪዎች አይተውት አንዳቸውም ይመለስ አላሉም። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር 13 ሊቃውንት በአንድነት ሆነው ድካሙን በጽሑፍ ገለጡ። ዋና አዘጋጅ እንዲሆን ተሹሞ የነበረው ጀርመናዊው ሃንስ ፎን ሽቶርክ የምርመራውን መጓደል በመጽሔቱ ላይ ለመግለጥ ጠይቆ ስላልተፈቀደለት በጁላይ 28 ቀን ተወ፤ ሌሎች አዘጋጆችም ተከተሉት። በማግሥቱ ያው ጥናት በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ክርክር ይደረግበት ነበር። ሕግ አውጪው ጥናቱ «ተመርምሮ የታተመ» መባሉን ይሰማል እንጂ ማን እንደ መረመረው፥ መርማሪውንም ማን እንደ መረጠው ለማወቅ መንገድ የለውም።

የሌላውም ወገን ነገር ሊታለፍ አይገባም። በ2009 ከኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ተሰርቀው በወጡት ደብዳቤዎች ውስጥ፥ የሙቀቱን መጨመር የሚያስረዱት ሊቃውንት አንዳንዶቹ የማይወዱትን ጥናት ከመጽሔት ስለ ማራቅ በቍጣ የተጻጻፉት ቃል ተገኝቷል። በ2010 የተደረገው የሰር ሙይር ራስል ምርመራ የመርማሪዎቹን ሥርዓት አበላሽተዋል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘባቸውም፤ በግልጽነት ረገድ ግን ነቅፏቸዋል። እንግዲህ መርማሪዎች ሁሉ ወዳጆች ሲሆኑ ጥናቱ ሳይፈተን ያልፋል፤ ሁሉ ባላጋራዎች ሲሆኑ ደግሞ ሳይታይ ይወድቃል። ባላጋራን ፈጽሞ ማስወጣትም መፍትሔ አይደለም። ስለ አንታርክቲካ መሞቅ በ2009 የወጣውን የኤሪክ ስታይግን ጥናት የሚተቹት ኦዶኔልና ባልንጀሮቹ ጽሑፋቸውን ወደ «ጆርናል ኦፍ ክላይሜት» ሲልኩ፥ አዘጋጁ ስታይግን ራሱን ከመርማሪዎቹ አንዱ አደረገው። ስታይግ አጥብቆ ተከራከረ፤ ጸሐፊዎቹም አቤት አሉ። ነገር ግን ሌሎች መርማሪዎች ስለ ነበሩና ፍርዱም በአዘጋጁ እጅ ስለ ነበረ ጽሑፉ ተሻሽሎ በ2011 ታተመ። የተከሰሰው ሰው ቃሉን መስጠቱ ትክክል ነው፤ ፍርዱ ለእርሱ ቢሰጥ ኖሮ ግን ነውር በሆነ ነበር።

ኮፐርኒከስ የተባለው አሳታሚ በጃንዋሪ 2014 አንዱን መጽሔቱን መርማሪዎቹ በዝምድና ተመርጠዋል ብሎ ዘግቶታል። ይኸው አሳታሚ ከ2001 ጀምሮ ስለ አየር ኬሚስትሪና ፊዚክስ በሚያወጣው ሌላ መጽሔት የመርማሪዎቹን ቃልና የጸሐፊውን መልስ ለሰው ሁሉ ገልጦ ያሳያል። ሌሎችም ይህን ቢከተሉ የአዘጋጁ ምርጫ ራሱ በአንባቢ ፊት ይመረመር ነበር።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከማርች እስከ ሜይ የሚዘንበው ዝናብ በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከዚያም በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት እየቀነሰ ሲታይ፥ አብዛኞቹ የኮምፒዩተር ስሌቶች ግን ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ከ2020 እስከ 2022 አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሲጓደሉ የቦረና ከብት አልቋል። ለደጋው ዋናው ዝናብ ክረምት ሲሆን፥ ለቦረና ግን ዋናው የበልጉ ነው፤ አገሩን ሁሉ በአንድ አማካይ ቍጥር ጠቅልሎ የሚጽፍ ሊቅ ይህን ያጠፋዋል፤ እንደ እርሱ ያሉ ሦስት የስሌት አዋቂዎች ቢመረምሩትም አያገኙትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥናት የሚደርሰው አዘጋጅ አንዱን መርማሪ ከስሌት አዋቂዎች፥ ሁለተኛውን ያንን ስሌት ከሚጠራጠሩት፥ ሦስተኛውን በያቤሎና በነጌሌ የተመዘገበውን የዝናብ ልክ ከሚያውቁት መካከል ሊመርጥ ይገባዋል። የዚህ የሦስተኛው ስም በጸሐፊው ዝርዝር ውስጥ ባይገኝ፥ ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ለአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ ይቻላል።