የጉድጓዱ ባለቤት ማን ነው?



ለቅስቀሳ በየሰፈሩ በእግራችን ስንዞር አስፋልቱ መሐል ለመሐል የሰመጠበት መንገድ አጋጥሞናል። ዙሪያውን ያጠረው የሰፈሩ ሰው ነው፤ አሮጌ ጎማ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቀይ ጨርቅ። ነዋሪዎቹ አመልክተው ነበር። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ሌላውም መልሶ ወደ መጀመሪያው መራቸው። በዚህ መሐል ክረምት ገባ።

መሬት እንዲሁ በድንገት አይደረመስም። ከሥር ያለው ቱቦ በመጋጠሚያው በኩል ይከፈታል ወይም ይሰነጠቃል፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር በዙሪያው ያለው አፈር በስንጥቁ እየገባ በቱቦው ውስጥ ይታጠባል። በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል፣ ቱቦውንም ያላቅቃል። አስፋልቱ ባዶ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና አንድ ቀን ሚኒባስ ወይም ሲኖትራክ ሲያልፍበት ይወርዳል። ስለዚህ ጠጠርና አፈር ደፍቶ ከላይ አስፋልት መቀባት ጥገና አይባልም። ቱቦው ካልተጠገነና አፈሩ በየደረጃው ካልተጠቀጠቀ በመጪው ክረምት ያው ጉድጓድ ይመለሳል፤ የግብር ከፋዩ ገንዘብም ሁለት ጊዜ ይወጣል።

በአዲስ አበባ የዝናብ ውሃ መውረጃው የመንገዶች ባለሥልጣን፣ የፍሳሽ መስመሩ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። ክፍፍሉ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። መሬት ውስጥ ግን ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ የመጸዳጃ ቤቱን ቱቦ ከዝናብ መውረጃው ጋር ያገናኘ ቤትም ጥቂት አይደለም (ይህን ድምፅ ፍለጋ ብለን አንደብቅም)። ከላይ የቆመ ዜጋ የተደረመሰው የማን ቱቦ እንደሆነ አጣርቶ እንዲያመለክት መጠበቅ ከንቱ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን ማንሳት ግድ ይለናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት የተጎዳ ሰው መንግሥትን ካሣ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በአንቀጽ 2143 ደግሞ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። እግሩ የተሰበረ ወይም ታክሲው የገባችበት ሰው ግን ጥፋት መኖሩን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ቢሮው አስቀድሞ ያውቅ ነበር? ማመልከቻው በቃል ከሆነ ማን ይመሰክራል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ያሰፈረው ተጠያቂነት ጉድጓዱ ዳር ሲደርስ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ፓርቲያችን ከተመረጠ ለሁለቱም መስመሮች አንድ የጥቆማ መቀበያ ያቋቁማል። ያመለከተ ሁሉ ቀንና ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ይቀበላል። ጉድጓዱ በዚያው ዕለት ይታጠራል። ጥገናው ይቀድማል፤ ወጪውን ቢሮዎቹ በኋላ ይተሳሰቡ። የጥቆማዎቹ መዝገብ በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አሮጌ መስመሮችም ከክረምት በፊት ይፈተሻሉ። በአንድ የምርጫ ዘመን ያረጀውን ቱቦ ሁሉ እንቀይራለን ብለን ግን አንዋሽም፤ ገንዘቡም ጊዜውም አይበቃም።

እስከዚያው ድረስ ማመልከቻችሁን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ በጽሑፍ አስገቡ፤ በአንደኛው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉና ቤታችሁ አስቀምጡት። የጉድጓዱንም ፎቶግራፍ አያይዙበት።