አፍም የሰውነት ክፍል ነው!



ሲዋክ የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ነው ያደግነው። ታዲያ ጥርሳችንን ሲያመን ምን እናደርጋለን? ማስታገሻ እንውጣለን፤ ቅርንፉድ እንነክሳለን፤ ሲብስ እናስነቅላለን። ጤና ጣቢያ ብንሄድም ብዙ ጊዜ ይዘን የምንመለሰው ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ነው። የተቦረቦረው ጥርስ ግን እዚያው ነው።

ጥፋቱ የነርሷ አይደለም። አፍ “የጥርስ ሐኪም ጉዳይ” ተብሎ ከሌላው ሕክምና ተነጥሎ ቆይቷል። የጥርስ ሐኪም ደግሞ በየቀበሌው የለም፤ በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ስለዚህ መፍትሔው የጥርስ ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅ ሳይሆን፣ ያለው ባለሙያ አፍን ማየት እንዲችል ማሠልጠን ነው።

ሐሳቡ የእኔ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ጉባኤ የአፍ ጤና ከመንቀል ወደ መከላከል እንዲዞርና በመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ውስጥ እንዲካተት ወስኗል። በዓመቱ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት፣ የአፍ በሽታ ያለበት ሰው ወደ 3.5 ቢሊዮን ይጠጋል።

ለመሆኑ አንድ ነርስ ወይም አዋላጅ ምን ቢያውቅ ይበቃል?

1. ነፍሰ ጡር ድዷ ሲደማ “ያልፋል” ብሎ አለመተው፤ በእርግዝና ክትትል ወቅት አፏንም ማየት።
2. የስኳር ሕመምተኛን ድድ መመርመር፤ ሁለቱ ሕመሞች አንዱ ሌላውን ያባብሳሉና።
3. እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ሕፃናትን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን እንደሚያጋልጥ ለእናቶች ማስረዳት።
4. ኖማን በጊዜ መለየት። ይህ የሕፃናትን ፊት የሚበላ በሽታ ከድድ ይጀምራል፤ ቀድሞ ከታከመ ይድናል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ተመድቧል።
5. መንጋጋው አብጦ መዋጥ ወይም መተንፈስ ያቃተውን ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መላክ።

“ትምህርቱ በዝቷል፤ ምን ይጨመራል?” የሚል ይኖራል። አዲስ የትምህርት ክፍል ይከፈት አላልንም። ስለ እርግዝና፣ ስለ ሕፃናትና ስለ ስኳር በሽታ በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ አፍ ይግባ፤ በተግባር ልምምዱም ተማሪው የታካሚውን አፍ በባትሪ ይይ ነው ያልነው። ይህ ከገንዘብ ይልቅ ፈቃደኝነት ይጠይቃል።

በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና በሆሳዕና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች! ነገ ዱራሜም ሆነ ሾኔ፣ የገጠር ጤና ጣቢያም ብትመደቡ በራችሁን የሚያንኳኳው ጉንጩን ይዞ የመጣ ሰው ነው። መምህሮቻችሁን ዛሬ ጠይቁ፤ ለልምምድ ስትወጡም “አፍዎን ይክፈቱልኝ” ማለትን ልማድ አድርጉ።

የቀረነው ደግሞ ሲዋኩን አንተው፤ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና እንጨምርበት። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።