የጃኖ ሁለተኛ አልበምና የሰሚው ጆሮ

በዚህች ጋዜጣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥና ስለ ፈተና ብዙ ስለተጻፈ፣ ዛሬ ስለ ሙዚቃ ጥቂት ቃል ብናቀርብ ቅር እንደማትሰኙብን ተስፋ እናደርጋለን። ከጓደኞቻችን መካከል አንዳንዶቹ «ጃኖ ባንድ በኤርታሌ ጀመረ፤ በኤርታሌም አለቀ» ሲሉ እንሰማለን። ይህን ፍርድ አንቀበለውም።

«ኤርታሌ» በ2012 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ከሚጮህ የኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ቆመው በአማርኛ ሮክ ሲዘፍኑ ለብዙው ሰው እንግዳ ነገር ነበረ። ገሚሱ ተደነቀ፤ ገሚሱም «የፈረንጅ ጩኸት» ብሎ ጆሮውን ያዘ። ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ ስድስት ዓመት ያህል አለፈ። ታዲያ ሰሚው በዚያን ጊዜ የፈለገው ምንድን ነበር? «ዳሪኝ»ን የመሰለ ሌላ ዘፈን! አዲሱን ከአሮጌው ጋር እያስተያየ ልዩነቱን ሁሉ እንደ ጉድለት ቆጠረው።

ለመሆኑ የመጀመሪያ አልበም ማለት አንድ ባንድ ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠራቀመውን የሚያወጣበት ነው። ለሁለተኛው የሚቀረው ከዚያ ወዲህ የኖረው ብቻ ነው። የእንግሊዙ ሌድ ዜፕሊን የመጀመሪያውን በጥር 1969፣ ሁለተኛውን በጥቅምት 1969 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ ሁለተኛውንም የቀዳው ለኮንሰርት ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር ባገኘው ስቱዲዮ ሁሉ ነው። ነገር ግን ከኋላው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ነበረው፤ በየከተማውም አዳራሽ ይጠብቀው ነበር። የኛን ባንድ በዚያ ሚዛን የሚመዝን ሰው አስቀድሞ የአገሩን የባንድ ታሪክ ቢያውቅ መልካም ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስመ ጥር የነበሩት የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ነበሩ፤ መሣሪያው የመንግሥት፣ ተጫዋቹም ደመወዝተኛ። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር በር የተከፈተ መሰለ። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ፤ ከአብዮቱም ጋር የሰዓት እላፊ። የሌሊቱ ጭፈራ ሲቋረጥ ለባንዶች የተረፋቸው በአብዛኛው የሆቴል መድረክ ነበር። በሂልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄዶ ከአባላቱ ገሚሱ እዚያው ቀሩ። በኋላም አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ትራምፔቱንም የሚተካበት ጊዜ ደረሰ። ለአሳታሚውም ለሠርግ ደጋሹም ረከሰለት። እንዲህ ባለ አገር ይህን ያህል ሰው በአንድነት ይዞ እስከ ሁለተኛ አልበም መድረስ በራሱ ሊመሰገን ይገባዋል።

«የፈረንጅ ጩኸት» ስለተባለውም አንድ ነገር እንበል። የሮክ እናት ብሉዝ ናት፤ ብሉዝም በአሜሪካ ደቡብ በጥቁሮች ዘንድ የተወለደች፣ ብዙውን ጊዜ በአምስት ድምፅ ስኬል የምትሄድ ናት። የኛዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ድምፆቹ አንድ ዓይነት ናቸው አላልንም፤ ግን ጊታሩ ወደኛ ቅኝት ሲገባ ፈጽሞ ባዳ ቤት አልገባም።

ደግሞ እኛ የዲንሾና የአካባቢዋ ልጆች በዚህ ነገር ከማንም የበለጠ ማስተዋል ይጠበቅብናል። ጌረርሳን እየሰማን ነው ያደግነው። ጌረርሳ የሚያሰማ ሰው ያደረገውን ጀግንነት፣ የደረሰበትን ችግር፣ ያጣውን ከብትና ወዳጅ በገዛ አንደበቱ ይናገራል። በዓመቱ ቢመለስ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ይጨምራል። ከሽማግሌዎቹ መካከል «ያምናውን ቃል በቃል ድገምልን» ብሎ የሚቆጣ አላየንም! እንዲያውም ምንም ሳይጨምር ቢመጣ «ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ነው የከረመው» ተብሎ ይሳቅበታል። የመጀመሪያው አልበም በሚነድ ተራራ ስም ተጠራ፤ ሁለተኛው ግን አንድን ሰው ፊት ለፊት «ለራስህ ነው» ይላል። እኛ በርዕሱ ብቻ እንኳ ያደገ ሰው ይታየናል። ዘፈኖቹ ሁሉ እኩል ያማሩ ናቸው ብለን አንሟገትም፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ሳያዳምጡ መፍረዱን ግን እንቃወማለን። ሮቤ ገበያ ወርዶ ሁለቱንም አልበም በፍላሽ በነጻ አስገልብጦ፣ ለሙዚቀኛው ሳንቲም ሳይከፍል፣ «ሁለተኛው አልጣመኝም» የሚለውማ ምን ይባላል?

ይህን ሁሉ ያልነው ለጃኖ ጠበቃ ለመሆን ብቻ አይደለም። በግቢያችንም በትርፍ ጊዜያቸው ተሰብስበው የሚጫወቱ ተማሪዎች አሉ። አምና በአንድ ዘፈን ተወደዱ። ዘንድሮ አዲስ ሲጀምሩ አዳራሹ በፉጨት «ያንን! ያንን!» እያለ አቋረጣቸው፤ ጊታር የሚመታው ልጅም ከዚያ ወዲህ ለልምምድ አልመጣም። ለዓመት መዝጊያው በዓል ደግሞ ባለ ኪቦርድ ከውጭ ሊቀጠር ነው ሲባል ሰምተናል።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበር የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ለባለ ኪቦርዱ ሊከፈል የታሰበው ገንዘብ ለጊታር ክርና ለድምፅ ማጉያ ጥገና ይዋል። ከበዓሉም በፊት አንድ የዓርብ ማታ ለእነዚህ ልጆች ይሰጣቸውና አዲሱን ብቻ ይጫወቱ፤ የአምናው ዘፈን በዚያ ምሽት አይጠየቅ። መግቢያው ሁለት ብር ቢሆን እንኳ ይከፈል። እኛ ወንበር ለማስተካከልና በር ላይ ለመቆም ስማችንን አስመዝግበናል።