የጣና ሒሳብ ከማሳ ይጀመር

በጣና ሐይቅ ላይ እንቦጭ መኖሩ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአካባቢው ገበሬ በየዘመቻው እየተጠራ አረሙን በእጁ ነቅሏል። ድካሙ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ አረሙን የሚመግበው ንጥረ ነገር በየክረምቱ ከጎርፍ ጋር እየገባ፣ ነቀላው ብቻውን መፍትሔ ይሆናል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ምን ያህል፣ ከየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ወር እንደሚገባ ለማወቅ የሚረዳው የሐይቅ ሞዴል የሚባለው የሒሳብ ስልት ነው። ስሙ ቢያስፈራም አሠራሩ ጎተራ ከመቆጣጠር ብዙ አይለይም፤ የገባው፣ የወጣውና ከሥር የቀረው ይመዘገባል።

ሪቻርድ ቮለንዋይደር የተባሉት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር የሚጠይቀው በዓመት የሚገባውን ፎስፎረስ፣ የሐይቁን ጥልቀትና ውኃው ለመለወጥ የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። ፎስፎረስ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. በካናዳ አንድ ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ ለአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ ለሌላው እነዚሁ ከፎስፎረስ ጋር ተጨመሩለት። በአልጌ የተሸፈነው ፎስፎረስ ያገኘው ወገን ነበር።

ነገሩን በራሳችን ማዳበሪያ እንመልከተው። በአንድ ኩንታል ኤን.ፒ.ኤስ. ውስጥ 16 ኪሎ ተኩል ያህል ንጹሕ ፎስፎረስ አለ። በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ 0.03 ሚሊግራም ያህል ፎስፎረስ ሲደርስ ደግሞ ሐይቁ አልጌ ወደሚበዛበት ደረጃ ይጠጋል። እንግዲህ ከኩንታሉ 1 ኪሎ ፎስፎረስ ብቻ ታጥቦ ቢሄድ 33 ሺህ ሜትር ኩብ ውኃ እዚያ ደረጃ ለማድረስ ይበቃል። ገበሬውም ገንዘቡን የከፈለበት ነው።

ይህን ስል ጥፋቱን ሁሉ በማዳበሪያ ላይ መጫኔ አይደለም። ፎስፎረስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ይጓዛል፤ ማዳበሪያ ነክቶት የማያውቅ ቦረቦርም ድርሻ አለው፤ የባሕር ዳርና የጎንደር ከተሞች ፍሳሽም እንዲሁ። ጥሩ ሞዴል እነዚህን ለይቶ ያሳያል። ክርክሩ በግምት የሚካሄድ ከሆነ ግን ተወቃሹ ሁልጊዜ ገበሬው ይሆናል።

ቅሬታዬ በሞዴል ሠሪዎች ላይም ነው። ናሙና የሚወሰደው መንገድ ሲደርቅ፣ ለመኪና ሲመች ነው። አብዛኛው ደለል ግን የሚወርደው በጥቂት ከባድ ዝናቦች ነው። በበጋ ውኃ የተስተካከለ ሞዴል በወረቀት ላይ ያማረ መስመር ያወጣና ያሳስታል። በተጨማሪም የጣና አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ነፋስ ከታች የተኛውን ደለል ያነሣዋል፤ ስለዚህ የቀዝቃዛ አገር ጥልቅ ሐይቆች ቀመር እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም። ድፍርሱ ውኃ ብርሃን ከልክሎ አልጌን ይገታ ይሆናል፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን እንቦጭ ግን አይገታውም።

ታዲያ የጎደለው መረጃ ከማን ይገኛል? የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገብ በየቀበሌው ስንት ኩንታል፣ በየትኛው ሳምንት እንደተከፋፈለ ያሳያል። የልማት ሠራተኛው ጤፉ መቼ እንደተዘራ፣ የትኛው እርከን እንደፈረሰ ያውቃል። ይህን ጠይቆ የመጣ ተመራማሪ ቢኖር መዝገቡ ይከፈትለት፤ ያልጠየቀም ቢሆን ይነገረው። በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ ዳር የምትገኙ ደግሞ ናሙና ለመሰብሰብ ስትስማሙ ቀኑንና የውኃውን ከፍታ አብራችሁ መዝግቡ፤ ጠርሙሱም የሚሞላው ወንዙ ደፍርሶ ሲወርድ እንጂ ከጠራ በኋላ አይደለም።