የወታደር ቤት ይርጋ ወይስ ይደገፍ?

ዝውውሩ ይቀንስ

በአሜሪካ ወታደሩ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ሰፈር ሲቀየርለት፣ ሚስቱ ከሥራዋ ትነሳለች። ሚስት የምለው ከወታደር ባለትዳሮች ከአስሩ ዘጠኙ ገደማ ሴቶች ስለሆኑ ነው። መከላከያ ሚኒስቴሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባደረገው ጥናት ሥራ ካላቸውና ሥራ ከሚፈልጉ የወታደር ባለትዳሮች 21 በመቶው ሥራ አጥ ነበሩ። በ2017ና በ2019ም ከ20 በመቶ በላይ ነበር።

መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም። ማይካ የተባለው ፕሮግራም ዝቅተኛ ማዕረግ ላላቸው ወታደሮች ባለቤቶች ለሙያ ሥልጠና እስከ 4,000 ዶላር ይሰጣል። በጥር 2023 የጸደቀው ሕግም አብዛኛው የሙያ ፈቃድ ከግዛት ግዛት እንዲሻገር አድርጓል፤ ሲጸድቅ ግን ጠበቆችን አልጨመረም። ፈቃዱ ተከተላት እንበል። የአገልግሎት ዘመኗስ? የደመወዝ እርከኗስ? ነርስ ብትሆን በሄደችበት ሁሉ ጀማሪ ናት። የሕፃናት ማቆያው ወረፋም በየሰፈሩ እንደ አዲስ ይያዛል፤ ልጇን የሚይዝላት ሳታገኝ ሥራ ልትቀጠር አትችልም።

ስለዚህ መከላከያ ሚኒስቴሩ በግንቦት 2025፣ ግዴታ ያልሆኑ ዝውውሮች በጀት እስከ 2030 በግማሽ እንዲቀነስ ማዘዙን እደግፋለሁ። ችግሩን ከምንጩ የነካ እርምጃ ነው።

ድጋፉ ይቅደም

እህቴ ስለ ሥራ ያሉት እውነት ነው። መርጋት የሚጠቅመው ግን የረጉበት ቦታ ሲመች ነው። ፎርት ኧርዊን በካሊፎርኒያው የሞሃቪ በረሃ ውስጥ ነው፤ ከቅርቡ ከተማ ከባርስቶው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እዚያ ላለች ሴት «ሦስት ዓመት ጨምሪ» ማለት እረፍት ነው?

በዲቪ ሄደው ጦሩን የተቀላቀሉ ወገኖቻችን አሉ። ባሏን ተከትላ በረሃ የገባች አራስ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት የላትም። ለእሷ አበሾች ወዳሉበት ከተማ መዛወር ነፍስ መዝራት ነው።

ደግሞስ ባል ለዘጠኝ ወር ሲዘምት ቤቱ ከቦታው አልተነሳም፤ ብቸኝነቱ ግን ያው ነው። ሚሊተሪ ዋንሶርስ የተባለው የመከላከያ ሚኒስቴሩ የቤተሰብ ድጋፍ አገልግሎት ሌሊትም ቀንም ስልክ ያነሳል፤ ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ በነጻ ያማክራል። ሆኖም ብዙዎቹ «ብናገር የባሌን እድገት እጎዳለሁ» ብለው ዝም ይላሉ። ምክሩ ለአለቃ የሚነገር አይደለም፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር፣ በቤት ውስጥ ወይም በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወይም ሕገ ወጥ ድርጊት ሲኖር ነው ከዚያ የሚወጣው። ይህን ለእያንዳንዷ ሚስት በምትሰማው ቋንቋ ማስረዳት ከማንኛውም የዝውውር ቅነሳ ይቀድማል። ከዝውውሩ የሚተርፈው ገንዘብም ለማቆያ ሞግዚቶች ደመወዝ ይዋል፤ ወረፋውን የሚያረዝመው የሠራተኛ እጥረት ነውና።

ምላሽ

ወንድሜ፣ በማቆያው ተስማምተናል። በፎርት ኧርዊኗ ሴትም አልከራከርዎትም፤ መውጣት ከፈለገች ትውጣ። ዛሬ ግን ዝውውሩን የሚወስነው የወታደሩ ምድብ ቢሮ ነው፤ ልሂድ ወይስ ልቆይ ብላ የምትመልስበት ቅጽ አልተሰጣትም። ድጋፉ ከዚያ ይጀምር።