መብራት መጣ ማለት ምጣድ ሰማ ማለት አይደለም

እንደሚታወቀው በአገራችን ኤሌክትሪክ ለረጅም ዘመን የከተማ ሀብት ሆኖ ኖሯል። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት መስጠት ሲጀምር፣ የወገራና የዳባት ገበሬ እንጀራውን የሚጋግረው በኩበትና በጭራሮ ነበር። ጦርነቱ በ1983 ዓ.ም. ካበቃ በኋላም ይኸው ኑሮ ቀጠለ።

በ1998 ዓ.ም. የገጠር ከተሞችን ከመስመር ጋር የሚያገናኝ ሰፊ ፕሮግራም ተጀመረ። ይሁን እንጂ በአቆጣጠሩ፣ መስመር በደረሰበት ቀበሌ የሚኖር ሁሉ ቆጣሪ ባይኖረውም ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ይታሰብ ነበር። ምሰሶው በመንገድ ዳር ሲያልፍ፣ በየተረተሩ ተበታትኖ የሰፈረው ገበሬ ግን ከጨለማው አልወጣም። የማስገቢያው ክፍያ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ደግሞ ያስቸግራል፤ የገበሬው ገንዘብ የሚገኘው ምርት ሲሰበሰብ ነውና።

የጉዳዩ ክብደት ከመብራት በላይ ነው። ዛፍ በተመናመነበት ደጋ ኩበት ማገዶ ሲሆን መሬቱ ፍግ ያጣል፤ ፍግ ያጣ መሬት ደግሞ የገብሱንና የድንቹን ምርት ይቀንሳል። አምፖል ይህንን አያድንም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚፈልግ ለመብራት ብቻ የተሠራ አነስተኛ የፀሐይ መሣሪያ አይችለውም። ትልቅ የእህል ወፍጮም አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይሻል።

ኃይሉ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ከጎንደር ደጋዎች የሚወርደው መገጭ ጣና ይገባል፤ የጣና ውኃ ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን የጣና በለስ ማመንጫ ያንቀሳቅሳል። ዝናቡን የሚቀበለው ደጋ ግን ዛሬም በአመዛኙ ኩበት ያነዳል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ዕቅድ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን በፀሐይና በመሳሰለው ኃይል አዳርሶ እስከ 2017 ዓ.ም. ለሁሉም ለማዳረስ አስቦ ነበር። ጊዜው አልፏል፤ ሥራው ግን አልተጠናቀቀም።

ስለዚህ ወደፊት መቆጠር ያለበት የምሰሶው ብዛት ሳይሆን የሚዞረው ወፍጮ፣ በደንቢያ ሜዳ ውኃ የሚስበው ፓምፕና የሚሰማው ምጣድ ነው። የማስገቢያውም ክፍያ ከምርት በኋላ በየጊዜው የሚከፈል ቢሆን ገበሬው አይቸገርም። ኩበቱ ወደ ማሳው የተመለሰ ዕለት ኤሌክትሪክ በእርግጥ ገጠር ገባ ለማለት ይቻላል።